61 ማዳበሪያ ከሰል

እህቴ ከእንጅባራ የደወለችልኝ ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ሰላምታውን በወጉ ሳትጨርስ «ወንድም ዓለም፣ የልጁ ውጤት መጥቷል፤ መሰናዶ መግባቱ ነው» አለችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ልላት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ። «ቆይ፣ ደስታው ይደርሳል። ናቹራል ይግባ ሶሻል? አባቱ አያውቅ፣ እኔ አላውቅ። እሱን ብጠይቀው ጓደኞቼ የገቡበት እገባለሁ ይላል። አንተ የተማርክ ነህ፤ ናና ቁረጥልን።»

«ቁረጥልን» የሚለው ቃል ያን ጊዜ አልከበደኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ደስ ያለኝ በራሴ የደረሰው በእህቴ ልጅ እንዳይደርስ ስለምፈልግ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ዳንግላ ነው። አባቴ ፈረስ ይወድ ነበር፤ እኔም የታመመ ፈረስ ባየሁ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደ እንስሳት ሕክምና ነበር። በ2001 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን የደረሰኝ ስታትስቲክስ ሆነ። ጊዜው ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን የተባለበት ነው። ቅጽ ተሰጠን፣ ምርጫ ደረደርን፣ የቀረውን ውጤትና ኮታ ጨረሱት። ስታትስቲክስን አልጠላሁትም፤ እስከ ዛሬ እንጀራዬ ነው። የሚቆጨኝ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በተማርኩባቸው አራት ዓመታት አንድም ሰው ቁጭ አድርጎ «አንተ ልጅ፣ ምን ትወዳለህ? ምንስ ይሆንልሃል?» ሳይለኝ መቅረቱ ነው። በትምህርት ቤታችን የምክር አገልግሎት የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ክፍል ነበር፤ በሩ ሲከፈት ያየሁት የተሰበረ ወንበር ሲገባበት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ሁነኛ ነገር ይዤ ልሄድለት ቆረጥኩ። ባሕር ዳር ከምሠራበት ቢሮ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ የአሜሪካ የችሎታና የዝንባሌ ፈተና አገኘሁ። አንደኛው ክፍል የቁጥር ተከታታይ፣ ሁለተኛው ከአራት ቃላት ባዳውን ማውጣት፣ ሦስተኛው የሚዞሩ ቅርጾች ነው። ሦስቱ ሃያ ሃያ፣ በድምሩ 60 ጥያቄ ናቸው። በመጨረሻ ደግሞ ሰውን በስድስት ዓይነት የሥራ ጠባይ የሚመድብ የዝንባሌ መጠይቅ አለው፤ ጆን ሆላንድ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ ካመጣው አመዳደብ የተቀዳ ነው። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩት። ዶላሩን ብር፣ የምድር ባቡሩን ሚኒባስ አደረግሁት። ይህን ሳደርግ ፈተናው የሀገሬ የሆነ መሰለኝ።

አሥር ቅጂ አሳተምኩ። እህቴ «ሁለት ሦስት የጎረቤት ልጆችም ይምጡ?» ብላኝ ነበር፤ ይምጡ አልኩ።

ከባሕር ዳር እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደህናው ቀን ከምሳ በፊት ይደረሳል። ያ ቀን ደህና አልነበረም። ሚኒባሱ ዳንግላ መግቢያ ላይ ሞተሩ ጨሰና ቆመ። ዝናቡ ይወርዳል። ረዳቱ ዕቃችንን እያወረደ ወደ ሌላ መኪና አሸጋገረን፤ እኔም የጥያቄውን ጥቅል በጃኬቴ ውስጥ ደብቄ ሮጥኩ። አዲሱ መኪና ተነስቶ ከተማዋን ሊያልፍ ሲል ነው የመልሱ ወረቀት ለብቻው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የመጀመሪያው መኪና ወንበር ሥር መቅረቱ ትዝ ያለኝ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ። ወደቆመበት ስመለስ መኪናው ተጎትቶ ሄዷል። መናኸሪያው፣ ጋራዡ፣ ሻይ ቤቱ፣ ሁሉም ጋ ጠየቅሁ። ሁለት ሰዓት ያህል በተወለድኩባት ከተማ ጭቃ ላይ ተመላለስኩ፤ ወረቀቱን ያየ የለም።

አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ልብሴ እስኪጠፈጠፍ ስጠብቅ ያሰብኩት ስለ አንድ እንግሊዛዊ ነበር። ሮበርት ቺዝማን ይባላል። በፈረንጆቹ ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን ያደረገው እዚሁ ዳንግላ ነበር። ከዚህ እየተነሳ በበቅሎና በእግሩ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ወረደ፣ ጣናን ዙሪያውን ሄደ፣ ካርታ የጎደለውን ቦታ ለካ፤ መጽሐፉ የወጣው በ1936 ነው። አንድን ወንዝ ለማወቅ ዓመታት ወስዶበታል። ይህን በልጅነቴ ከመምህራን ስሰማ የሚገርመኝ የፈረንጁ ድፍረት ነበር። የትዕግሥቱን ነገር ያሰብኩት ግን በኋላ፣ የማወራችሁ ነገር ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

እንጅባራ ስደርስ መሽቷል። የከተማዋን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በክረምት አጥንት ውስጥ ይገባል። መብራት ጠፍቷል። እህቴ እግሬን አጥባ፣ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አቅርባ፣ ከእሳቱ ዳር አስቀመጠችኝ። እሷ ስትተኛ እኔ በባትሪ ብርሃን 60ውን ጥያቄ ራሴ ሠርቼ መልስ ማውጣት ጀመርኩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ለማረጋገጥ እንደገና ስሠራው አራቱ ጥያቄ ላይ ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። በተለይ የባዳው ቃል ነገር ግራ አጋባኝ፤ «መጥረቢያ፣ እንጨት፣ መጋዝ፣ መዶሻ» ከሚሉት ባዳው የቱ ነው? ፈተናው የሚፈልገው እንጨት ይመስላል፣ ሌሎቹ መሣሪያ ናቸውና። ደኑ ውስጥ ያደገ ልጅ ግን መዶሻን ቢያወጣ ምን ስህተት አለው? መጥረቢያና መጋዝ ያለ እንጨት ምን ይሠራሉ? እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። ግን ደክሞኝ ስለነበር «እንጨት» ብዬ ጽፌ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ግቢው ሞልቷል። እህቴ «የልጅን ዕጣ የሚያውቅ ፈተና ይዞ መጥቷል» ብላ ሰፈሩን አዳርሳለች። ዘጠኝ ልጆች፣ የሚበዙትም ከወላጆቻቸው ጋር። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ሁለቱ በዱካ፣ አንዱ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ላይ መጽሐፍ አድርገው ይጽፋሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ድምፄ አይሰማም ነበርና መመሪያውን እየዞርኩ በየጆሯቸው ነገርኳቸው። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ሰማ፣ አንዳንዱ ምንም አልሰማ ይሆናል፤ ማን ቆጠረ።

ከዘጠኙ መካከል አንዲት ልጅ ነበረች። የእህቴ ባል ወዳጅ ልጅ ናት፤ ከባንጃ ወረዳ ገጠር ከአባቷ ጋር በፈረስ ድንች ጭነው ለገበያ መጥተው ነው። እሷም በዚያው ዓመት 10ኛ ክፍልን ተፈትና መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት አምጥታለች። ሁለት ዓመት እንጅባራ ከሌሎች ሦስት ሴት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ስትማር የቆየች ናት። እሁድ ማታ ስንቋን ይዛ ትመጣለች፣ ዓርብ በእግሯ ትመለሳለች። የአዊ ዞን የገጠር ልጅ የሚበዛው የሚማረው እንዲህ ነው። አባቷ «የኛይቱም ከልጆቹ ጋር ትሞክር» አለና ሰጥቶኝ ወደ ገበያው ወጣ።

ሁለቱን ክፍሎች ጨርሰን የቅርጹ ላይ እንደደረስን በረዶ መጣ። ሰማዩ የወረደ ነው የሚመስለው። ግቢው ውስጥ የታሰረው የአባቷ ፈረስ ደነገጠና ገመዱን በጥሶ በተከፈተው በር ወጣ። ከሁሉም ቀድማ ብድግ ያለችው ልጅቱ ናት። ነጠላዋን ጥላ በበረዶው ውስጥ ሮጠች። ፈረሱን የደረሰችበት አስፋልቱ ላይ፣ ከጭነት መኪና ፊት መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ይዛው ስትመለስ፣ አስራው ስትገባ፣ ለቅርጹ ከሰጠሁት 20 ደቂቃ 14ቱ አልፏል። ከፀጉሯ ላይ ውኃ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። እርሳሱን ስትጫነው የራሰው ወረቀት ተቀደደ፤ ቀስ ብላ ስታሸው አይጽፍም። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አየኋት፣ በዓይኔ አየኋት። ሰዓቱ ሲሞላ «አብቅቷል» ብዬ ከእጇ ወሰድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ላይ ፈረሱ...» አለች።

«አውቃለሁ እህቴ። ግን ሰዓት ሰዓት ነው፤ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ አረምኩ። የእህቴ ልጅ አንደኛ ወጣ። ልጅቱ መጨረሻ ሆነች፤ ከቅርጹ 20 ጥያቄ የሠራችው አራት ብቻ ነው። ከዚያ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ በላይ የምጸጸትበትን ነገር አደረግሁ፤ ውጤቱን ቡና እየተጠጣ በሰው ፊት ተናገርኩ። እገሌ ናቹራል፣ እገሊት ሶሻል፣ እያልኩ። ወላጆቹ በጸጥታ ይሰሙኝ ነበር። ከገበያ የተመለሰው የልጅቱ አባት ባርኔጣውን እጁ ላይ ይዞ «የኛይቱስ እንዴት ናት መምህር?» አለኝ። መምህር አይደለሁም፤ ግን አላረምኩትም። «አባቴ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ ግን ናቹራል ይከብዳታል። ሌላውም ቢሆን እንዳይከብዳት እፈራለሁ» አልኩት። ልጅቱ እጆቿን እያየች ነበር። ምኞቷ የጤና ባለሙያ መሆን እንደነበር የነገረችኝ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ያን ዕለት አልጠየቅኋትም። ማንንም አልጠየቅሁም፤ የዝንባሌውን መጠይቅ መብራት ስለሌለና ስለመሸ ትተነው ነበር።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ አለ። የእህቴ ባል፣ ወዳጁ የልጅቱ አባት የዲከረንስ ማሳውን ሊሸጥ ስለሆነ አብረን እንሂድ አለኝ። ዲከረንስ የአዊን ገጽታ የቀየረ ዛፍ ነው። በባንጃም በፋግታ ለኮማም ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክለዋል፤ ቀጥሎ በመሃሉ የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆርጥና ከሰል ያደርገዋል። ነጋዴው ማሳውን ቆሞ ሳለ ይገዛል፤ ስንት ማዳበሪያ ከሰል እንደሚወጣው ገምቶ። እንግዲህ ሁሉ ነገር ግምቱ ላይ ነው። አሳንሶ የገመተ ገበሬ የአምስት ዓመት ልፋቱን በአንድ ቀን ያጣል።

ነጋዴው በዳር በዳሩ ተመላለሰና «50 ከወጣው ይገርመኛል» አለ። አባትየው አልመለሰለትም። ዞር ብሎ ልጁን ተመለከታት። ልጅቱ ፍየል እንደምታግድ ሰው ዝም ብላ ማሳው ውስጥ ገባች። ስትሄድ አየኋት፤ በየጥቂት እርምጃው አንዱን ግንድ በሁለት እጇ ትጨብጠዋለች፣ ጣቶቿ ምን ያህል እንደተራራቁ ታያለች፣ ቀና ብላ ቁመቱን ትመለከታለች፣ ከንፈሯ በአዊኛ ይቆጥራል። የተዳፋቱ ሥር፣ ውኃ የሚተኛበት ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ አፈሩን ነካችና እዚያ ያሉትን ዛፎች ለብቻ ቆጠረች፤ ቀጫጭን ናቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች። «ከ60 አይወርድም፤ 62 ግን አይሞላም» አለች። አባትየው «60 ነው» አለ ለነጋዴው። ተከራከሩ፣ ተማማሉ፣ በመጨረሻ በ60 ሒሳብ ተጨባበጡ። ከሰሉ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሊከሰል ተስማሙ።

ገረመኝ፣ እውነት ነው። «ጎበዝ» አልኳት። ያኔም ግን አልገባኝም። ትናንት ቅርጽን በዓይነ ሕሊናዋ ማዞር አትችልም ያልኳት ልጅ በፊቴ አንድ ሙሉ ማሳ ዛፍ ቆርጣ፣ ከስላ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከትታ ስትቆጥር አይቼ ሁለቱን ነገር ሳላገናኝ ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ።

ታኅሣሥ ላይ እህቴ ደወለች። ወሬ ስንለዋወጥ «ያ የዲከረንስ ማሳ ተከሰለ፤ 61 ማዳበሪያ ወጣው። ልጅቱ ግን ትምህርት አቆመች» አለችኝ። ለምን ስላት ዝም አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ «የተማረው ሰው ራሱ ይከብዳታል ካለ ለምን የቤት ኪራይ እከፍላለሁ አለ አባቷ። አትፍረድበት፤ ሌሎችም ልጆች አሉት» አለችኝ።

አልፈረድኩበትም። ስልኩን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። አሥር ዓመት ሙሉ የተማረችው፣ በእግሯ የተመላለሰችው፣ የፈተና ውጤቷ ሳይቀር፣ በእኔ አንድ ጠዋት ተሰረዘ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ችሎታ ፈተና የምር ማንበብ የጀመርኩት። ካነበብኩት ሁሉ ያስለቀሰኝ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ወታደሮቿን የአእምሮ ፈተና ፈተነች። ከጥያቄዎቹ ውስጥ ስለ ቤዝቦልና ስለ አሜሪካ ፋብሪካዎች ምርት የሚጠይቁ ነበሩ፤ ትናንት ከመርከብ የወረደ ጣሊያናዊ ከየት ያውቀዋል? ካርል ብሪገም የተባለ የፕሪንስተን ምሁር በ1923 ውጤቱን ተንትኖ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች በተፈጥሯቸው ዝቅ ያሉ ናቸው ብሎ ጻፈ። ይኸው ሰው ነው በ1926 የአሜሪካን ኮሌጆች መግቢያ ፈተና፣ ለእኛው የ12ኛ ክፍል አፕቲትዩድ ፈተና ስሙን ያወረሰውን፣ ያዘጋጀው። ግን በ1930 የራሱን መጽሐፍ በራሱ ብዕር ሻረው፤ በቋንቋውና በኑሮው ባዳ የሆነን ሰው በዚያ ፈተና ማወዳደር እንደማይቻል፣ የእሱም ድምዳሜ መሠረት እንደሌለው ጻፈ። ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል። ደግሞም አሜሪካኖቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «አፕቲትዩድ» የሚለውን ቃል ከፈተናው ስም አንስተውታል። እኛ ጋ ስሙም ፈተናውም አለ።

ሌላው ከላይቤሪያ ነው። ጆን ጌይና ማይክል ኮል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የክፔሌ ብሔረሰብ ልጆች ሒሳብ ለምን ይከብዳቸዋል ብለው ሄዱ፤ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ካሰፈሩት አንዱ ይህ ነው፤ ሳህን ውስጥ ያለ ሩዝ ስንት ኩባያ ይሆናል ተብለው ሲጠየቁ ለንጽጽር የተጠየቁ አሜሪካውያን በብዙ ሲስቱ ያልተማሩት የክፔሌ ገበሬዎች ተቀራርበው ገመቱ። ሩዝ የሚሸጡት የሚገዙት በኩባያ ነዋ! ይህን ገጽ ሳነብ ልጅቱ ግንዱን በእጇ ጨብጣ ፊቴ ላይ ቆመች።

የአፕቲትዩድን ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። 12ኛ ክፍል ሳለን «አፕቲትዩድ አይጠናም» ይባል ነበር፤ የተፈጥሮ ችሎታ ነው የሚለካው ተብሎ። ውሸት ነው፣ ይጠናል። እኛ ዳንግላ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች አንድ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነበረን፤ 14 ልጆች ተራ ይዘን እየተቀባበልን ነው ያየነው፣ ጠርዙ ተበልቶ አንዳንዱ ጥያቄ ምርጫ «መ» አልነበረውም። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ልጅ የበርካታ ዓመታት ጥያቄ ሠርቶ ገባ። ደግሞ የቃላቱ ክፍል በእንግሊዝኛ ነው። በአዊ ብዙ ልጅ ከእናቱ ጋር በአዊኛ ያወራል፤ አንደኛ ደረጃን በአዊኛ የሚጀምርም አለ፤ ገበያና ቢሮ አማርኛ ነው፤ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ይህን ልጅ በሦስተኛ ቋንቋው የቃል ዝምድና ጠይቆ «ችሎታህ ይህ ነው» ማለት ምኑ ላይ ነው ፍትሑ?

በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተናው የሚሠራው ማጣሪያ ሆኖ ነው። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው አለፍክ ወይም ወደቅህ ይላል፤ ከመቶ 97 የሚጠጉትን ወዳቂዎች «እናንተስ ለምን ትሆናላችሁ?» የሚል ሌላ ወረቀት የለም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የሙያ ዘርፎች መግባታቸው ደስ ብሎኛል፤ ግን የሚያስመርጣቸው ሰው ማን ነው? የሥራ ምርጫ ምክርን መልክ ያስያዘው ፍራንክ ፓርሰንስ በ1908 ቦስተን ውስጥ ቢሮ ሲከፍት ያለው ቀላል ነገር ነው፤ መጀመሪያ ራስህን እወቅ፣ ቀጥሎ ሥራውን እወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን አስታርቅ። እኛ ሁለተኛውን ዘለልነው። የገጠር ልጅ በሕይወቱ ያያቸው የደመወዝ ሥራዎች መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያና ፖሊስ ናቸው። ያላየውን ሥራ ትወደዋለህ ወይ ቢሉት ምን ብሎ ይመልስ?

ወደ ልጅቱ ልመለስ። ጥር 2010 ላይ ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሄድኩ። የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ሜዳው በሺህ ፈረስ ይሞላል። የእህቴ ባል የማኅበሩ አባል ስለሆነ አንድ ውርንጭላ ሊገዛ አስቦ ነበር፤ ሻጩ «ዛሬ አሩጠህ እየው» ቢለው አልተቀበለም። ለምን ስለው «በመስከረም ጭቃ ሲረግጥ አይቼዋለሁ፣ በጥቅምት አስፋልት ላይ መኪና ሲያልፈው አይቼዋለሁ። ሲበላም አይቼዋለሁ። አሁን የቀረኝ በሰው መካከል ሲሆን ማየት ነው» አለኝ። ለአንድ ውርንጭላ አምስት ወር!

ከዚያ ወደ ልጅቱ አባት ወሰደኝ። የምናገረውን በመንገድ ሁሉ ሳሰላስል ነበር፤ ስደርስ ጠፋኝ። «አባቴ፣ ልጅዎን በድያለሁ። ያ ፈተና ስህተት ነበር፤ ፈረስዎን ልትይዝ ስትወጣ ያለፈባትን ሰዓት አልመለስኩላትም። ወረቀቱ ራሱም ለእሷ የተሠራ አልነበረም» አልኩት። ለረጅም ጊዜ መሬቱን በበትሩ ሲቆፍር ቆየ። ከዚያ «እኔ ያመንኩት እርስዎን ነው እንጂ ወረቀቱን አይደለም። ወረቀቱንማ ማንበብ አልችልም» አለኝ።

ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ልጅቱን ውኃ ቀድታ ስትመለስ አገኘናት። ይቅርታ ጠየቅኋት። ያን ጊዜ ነው ምን መሆን እንደምትፈልግ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅኋት፤ የነገረችኝም። ለአንድ ወር ያህል ከእህቴ ጋር ሆነን ተመላለስን፤ ልጅቱ ከአንድ የእንጅባራ የጤና ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላ ሥራው ምን እንደሚመስል ጠየቀች፣ ደም ስታይ ምን እንደሚሰማት ራሷን ፈተሸች። አባቷ ፈቀደ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. 11ኛ ክፍል ናቹራል ገባች።

ዛሬ ይህን የምጽፈው ለመምህራንና ልጅ ለሚያስመርጡ ዘመዶች ነው። የችሎታ ፈተና አትስጡ አልልም፤ እኔ ራሴ ቁጥር የምበላ ሰው ነኝ። ከሰጣችሁ ግን ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ስጡ። ውጤቱን ለብቻው ንገሩት፣ በቡና ላይ አታንብቡ። የራሰ ወረቀት ካያችሁ ለምን እንደራሰ ጠይቁ፣ ሰዓቱን መልሱለት። ከወረቀቱ በፊትም በኋላም ቤቱ ሂዱ፣ ሲሠራ እዩት። አንድ ቀን ያየ ሰው በአንድ ልጅ ላይ አይቁረጥ፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም የምክር ክፍሎችን በር ከፍታችሁ የተሰበረውን ወንበር አውጡና ሰው አስገቡበት፤ ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ሰው እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍልን በ2011 ዓ.ም. ተፈተነ። ልጅቱ በ2012 መፈተን ነበረባት፤ ኮሮና መጣና የዚያ ዓመት ፈተና ወደ 2013 ተላለፈ። እኔ ያጠፋሁባት አንድ ዓመት ሁለት ሊሞላ ጥቂት ቀረው።